ትምህርትም ገንዘብም የለኝም፤ እግዚአብሔር በእኔ ይሠራል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ሁለት ልጆች ለብቻዬ አሳድጋለሁ። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው፣ በጽዳት። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጫለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ስጨርስ ጠያቂ የሌላቸው ሕመምተኞች ጋ ጎራ ማለት ጀመርኩ። ልብሳቸውን አጥብላቸዋለሁ፣ ለዘመድ እደውልላቸዋለሁ፣ አንዳንዴም ዝም ብዬ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አሁን አራት ሴቶች አብረውኝ አሉ። ሥራው ግን በዛብን፤ ሳሙናውም ልብሱም አይበቃም።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱን ሳማክራቸው «ይሄ የተማረ ሰውና በጀት ይፈልጋል፤ ለሚችሉት ተዪው» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ሥራሽን ልቀቂ፣ ተበደሪ፣ በእምነት ግቢበት፤ እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ትለኛለች። ሌላም ነገር አለ። እናቱን ያስታመምኩለት አንድ ሰው በየወሩ ሳሙናና ልብስ ያመጣልኛል። ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፣ በመጠጥም ስሙ የጠፋ ነው። «የእሱን እጅ አትቀበዪ» የሚሉኝ አሉ። ግራ ገባኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ «እግዚአብሔር እንደ እኔ ባለ ሰው ይሠራል ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው። ጠያቂ ያልነበረው ሰው ጠያቂ አግኝቷል። አራት ሴቶች ማንም ሳይጠራቸው ተከትለውሻል። ስለዚህ ዋናው ጉዳይ ሥራው እንዴት ይያዝ የሚለው ነው። ነገር ግን የሽማግሌው ቃል ውስጥሽ ገብቶ እንደቀረ ከደብዳቤሽ ያስታውቃልና ከእሱ እንነሣ።

ጌዴዎን ሲጠራ ምን ላይ እንደነበረ ታስታውሺያለሽ። ምድያማውያንን ፈርቶ በወይን መጭመቂያ ውስጥ ተደብቆ ስንዴ እየወቃ ነበር። «ወገኔ በምናሴ ነገድ ደካማው ነው፣ እኔም በአባቴ ቤት ታናሹ ነኝ» አለ። ልብ በዪ፣ ማንም አልተከራከረውም። «አይ፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ብሎ የመለሰለት የለም። የተሰጠው መልስ «እኔ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» የሚል ነው። ሙሴም በ80 ዓመቱ አፉ እንደሚከብድ ሲናገር አንደበቱ እንዲፈታ አልተደረገም። የሚናገርለት ወንድም ተሰጠው፣ በእጁ የያዘውን የእረኛ በትር ይዞ ሂድ ተባለ።

እኛ ሰውን ስናበረታታ ብዙ ጊዜ ድካሙን እንክዳለን። እዚያ ግን ድካሙ እንዳለ ተቀመጠ፤ ጥሪውም አልተሻረም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ላይ ማቆምሽን ለመሸፋፈን አትድከሚ። ሽማግሌውንም በዚህ አትከራከሪያቸው። አዎ፣ አልተማርኩም፤ በጀትም የለኝም። እውነት ነው። ግን ከዚያ ተነሥቶ «ተዪው» ማለት አይከተልም።

እዚህ ላይ አንድ የማልወደውን ልማድም ላንሣ። «እግዚአብሔር የሚጠቀመው ባልተማረ ሰው ነው» እያሉ አለማወቅን እንደ ማዕረግ የሚሸከሙ አሉ። የበለዓም አህያም ተናግራለች፤ ነቢይ ብሎ የሾማት ግን የለም። የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ ባስልኤል የተባለው ሰው በእግዚአብሔር መንፈስ ተሞላ ይላል። የተሞላው ለምን ነበር? ወርቅ ለማንጠር፣ ድንጋይ ለመቅረጽ፣ እንጨት ለመጥረብ። ለሙያ ነው። ስለዚህ አንቺም ካወቅሽው የበለጠ ለማወቅ ሞክሪ። ነርሶቹን ጠይቂ። እጅ አስተጣጠብን በደንብ ተማሪ፤ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስትሄዱ በሽታ እንዳታሸጋግሩ። ሕመምተኛን ማንሣትና ማገላበጥ የራሱ ዘዴ አለውና ሳያሳዩሽ አትሞክሪው። ምግብም ሆነ መድኃኒት ሳታስፈቅዱ ለማንም አትስጡ፤ ለቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው እንዳይቀምስ ታዝዞ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ምክር። «ሥራሽን ልቀቂ» ላለችሽ መልሴ አጭር ነው፤ አትልቀቂ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

ግላዲስ አይልዋርድ የምትባል ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1902 ለንደን ውስጥ የተወለደች፣ በሰው ቤት ሠራተኛነት የምትተዳደር። ወደ ቻይና ሄጄ ማገልገል አለብኝ አለች። አንድ የሚስዮን ድርጅት ለሙከራ ተቀብሎ አስተማራት፤ ውጤቷ አላረካቸውም። ቋንቋውን ትችለዋለች ብለውም አላመኑም፣ መለሷት። ወደ ሠራተኝነቷ ተመለሰች። ከደመወዟ ጥቂት በጥቂት እያስቀመጠች በመጨረሻ የባቡር ትኬት ገዛች። በ1932 በሳይቤሪያ በኩል ያንን ረጅም መንገድ ብቻዋን ተጓዘች። ያንግቼንግ በተባለች ተራራማ ከተማ ከአንዲት አረጋዊት ሚስዮናዊት ጋር ሆና ለበቅሎ ነጂዎች ማደሪያ ከፈቱ። ማታ ማታ ለእንግዶቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይነገራል። አትችለውም የተባለችውን ቋንቋ እዚያው ከሰው ጋር እየኖረች ተማረችው። ቆይቶም የአገሩ ሹም የሴት ልጆችን እግር እንዳያድግ አጥብቆ ማሰር የሚከለክለውን ሕግ እንድታስፈጽም ቀጠራት። በየመንደሩ እየዞረች የሴቶችን እግር ትፈታ ጀመር። በ1940 ጃፓን ቻይናን የወረረችበት ጦርነት ሲበረታ ደግሞ ወደ መቶ የሚጠጉ ልጆችን ይዛ ተራራ አቋርጣ አወጣቻቸው።

ታሪኳን የሚያወሩ ሰዎች ልጆቹና ተራራው ጋ ለመድረስ ይቸኩላሉ። እኔን ግን የሚይዘኝ ትኬቱ ነው። ገንዘቡ ከየትም ዱብ አላለም። ከደመወዝ የወጣ ነው። የጠላችው ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ያ የሠራተኝነት ሥራ ነው ቻይና ያደረሳት። ቻይና ከገባች በኋላም በየመንደሩ በር የከፈተላት የሹሙ ሥራ ነው።

አንቺስ? ጠያቂ የሌለው ሰው የት አልጋ ላይ እንደተኛ ያወቅሽው በምን ምክንያት ነው? በጽዳት ሥራሽ አይደለም ወይ? ሌላ በጎ ፈቃደኛ ደብዳቤ አጽፎ፣ ፈቃድ ጠብቆ የሚገባበት ክፍል አንቺ መጥረጊያ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ነርሶቹ በስምሽ ያውቁሻል። ልጆችሽም የሚበሉት ከዚያው ነው። እግዚአብሔር እስኪያዘጋጅ ልጠብቅ ስትዪ ያዘጋጀውን እንዳትለቂ እፈራለሁ። ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍም ሸክም እንዳንሆንባችሁ ሌሊትና ቀን እየሠራን ሰበክንላችሁ ይላል። ይህን የጻፈው እምነት የጎደለው ሰው አይደለም።

አንድ ቀን ሥራው ሙሉ ጊዜሽን የሚጠይቅበት፣ ደመወዝሽንም የሚሸፍን ሰው የሚገኝበት ወቅት ሊመጣ ይችላል። ያኔ እንነጋገራለን። ዛሬ ግን ሁለት ልጆች አሉሽ።

ብድሩንም ተዪው። በእምነት መኖርን በተመለከተ ከሁሉ በላይ ስሙ የሚነሣው ጆርጅ ሙለር ነው። ፕሩሲያ ውስጥ በ1805 ተወለደ። ወጣት ሳለ የአባቱን ገንዘብ ይሰርቅ ነበር፤ በ16 ዓመቱ የሆቴል ሒሳብ ሳይከፍል ቀርቶ ታስሯል። ማንም የሙት ልጆች ገንዘብ ያዥ አድርጎ አይመርጠውም ነበር! ይኸው ሰው በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ በ1836 ለወላጅ አልባ ልጆች ቤት ከፈተ። በ1898 እስኪሞት ድረስ በእሱ እጅ ያለፉት ልጆች ከ10,000 በላይ ናቸው። ለማንም ሰው ገንዘብ ስጠኝ አልልም፣ ጸሎቴን ለእግዚአብሔር ብቻ አቀርባለሁ ብሎ ወሰነ፤ በዚያው ጸና።

ጓደኛሽ ይህን ክፍል ታውቀው ይሆናል። የሚዘለለው ሌላው ክፍል ነው። ሙለር ዕዳ ውስጥ አልገባም ብሎም ወስኖ ነበር። የገባችውን እያንዳንዷን ስጦታ ይመዘግብ ነበር፤ በየጊዜውም ሪፖርት ያሳትማል። የመጀመሪያውን የራሱን ሕንፃ በ1849 እስኪከፍት ድረስ 13 ዓመት በኪራይ ቤት ሠርቷል። ገንዘቡ ሲመጣ ሰፋ፤ ሳይመጣ አልሰፋም። በእምነት መኖር ማለት ለእሱ ይህ ነበር። ተበድሮ መጀመርና ከዚያ በኋላ «እግዚአብሔር ይክፈል» ማለት ሌላ ነገር ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ዕዳውን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍሉት ልጆች ናቸው። ኢየሱስም ቢሆን ግንብ ሊሠራ የሚፈልግ ሰው ቁጭ ብሎ ወጪውን ያሰላል ብሏል።

የሙለርን መንገድ ግን ለሁሉም ሰው ሕግ አላደርገውም። ነህምያ ጠይቋል። የፋርስ ንጉሥ ወይን ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ግንበኛም ካህንም አልነበረም። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አዘነ፣ አራት ወር ያህል ጸለየ። ንጉሡ «ምን ትፈልጋለህ?» ሲለው በልቡ ጸልዮ ወዲያው መልሱን ዘረዘረ። ለአገረ ገዢዎች ደብዳቤ፣ ለንጉሡ ደን ጠባቂ ለአሳፍ የእንጨት ማዘዣ፤ ለበሮቹ፣ ለቅጥሩ፣ እኔ ለምኖርበትም ቤት ብሎ ጨመረ። ለራሱ ቤት መጠየቁን እወድለታለሁ። ኢየሩሳሌም ሲደርስም ለማንም ሳይናገር በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን ዞሮ አየ። ቅጥሩ በ52 ቀን ያለቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ስለዚህ «በጀት የለሽም» ስትባዪ የሚያስፈልግሽን በወረቀት ማስፈር ጀምሪ። በወር ስንት ሰው ትጠይቃላችሁ? ስንት ሳሙና፣ ስንት ፎጣ፣ ስንት የሌሊት ልብስ? ለስልክ ምን ያህል ይወጣል? ይህን ይዘሽ የሆስፒታሉን አስተዳደርና ኃላፊ ነርሷን አነጋግሪ፤ የምትሠሩት በፈቃድ ይሁን። ያለዚያ አንድ ቅሬታ ቢነሣ ሥራውም አንቺም አብራችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ ተመልሰሽ ሽማግሌው ጋ ሂጂ። «በጀት እፈልጋለሁ» ማለትና «ለሚቀጥለው ወር 30 ሳሙናና 10 ፎጣ ይጎድለናል» ማለት አንድ አይደለም። ምናልባት እኮ ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ያልገባቸውን ነገር ፈርተው ይሆናል።

ገንዘብ ከመጣ ከቤትሽ ገንዘብ ጋር እንዳይቀላቀል። ደብተር ይኑራችሁ፤ ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ሁለት ሰው ይፈርም። ስለማላምንሽ አይደለም። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ከቲቶ ጋር ሌሎች የተመሰከረላቸው ወንድሞች እንዲሄዱ አደረገ። ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ምክንያቱን ጽፎታል። ለእሱ ያስፈለገው ለአንቺም ያስፈልጋል። ሌላም አለ፤ ዕርዳታ ለማግኘት ብለሽ የሕመምተኛ ፎቶ አንሥተሽ አታሰራጪ። አልጋ ላይ የወደቀ ሰው እምቢ ለማለት ጉልበት የለውም።

«እግዚአብሔር ያዘጋጃል» ስለሚባለው ነገር እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነውና። ሲዘጋጅ ምን እንደሚመስል የኤልያስን ታሪክ እዪ። በወንዝ ዳር ተቀምጦ ቁራዎች ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ከዚያ ወንዙ ደረቀ። የላከው እግዚአብሔር ነው፣ ወንዙም ደረቀ፤ ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል። ቀጥሎ የተላከው ወደ አንዲት መበለት ነው። ሀብታም መበለትም አይደለችም። የቀራትን አንድ እፍኝ ዱቄት ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት እንጨት ስትለቅም ነው ያገኛት። ከዚያ በኋላም ማሰሮው ሞላ አይልም። ዱቄቱ አላለቀም፣ ዘይቱም አልጎደለም ነው የሚለው። ነገ ይኖር ይሆን እያለች በየቀኑ እጇን ወደ ማሰሮው መስደድ ነበረባት።

ይህን የምነግርሽ መጋዘን እንዳትጠብቂ ነው። ልብሱ የሚያልቅበት ወር ይኖራል። ያ ወር ጥሪሽ ውሸት እንደነበር አያሳይም። ጳውሎስ መራቤንም መጥገቤንም ተምሬአለሁ ይላል፤ በእርግጥም ተርቧል። ያኔ የምትቀንሺውን ቀንሺ። ሳሙና ከሌለ ስልክ ደውይላቸው፤ ለዚያም ካጣሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። በአንቺ እጅ ሲጀመር ሥራው ይኸው ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይተርፋል። ለመገናኛው ድንኳን ሥራ ሕዝቡ ያመጣው ስጦታ በዝቶ ሙሴ «ከእንግዲህ በቃ፣ አታምጡ» ብሎ በሰፈሩ አስነግሯል። በቃን የሚል ገንዘብ ሰብሳቢ እስካሁን አልገጠመኝም፤ እናንተ ግን ከበቃችሁ በቃን በሉ።

የመጨረሻው ጥያቄሽ የዚያ ሰውዬ ነገር ነው። በእኔ ዓይን ከሦስቱ ጥያቄዎችሽ ትልቁ ይኸኛው ነው።

እግዚአብሔር ባልታሰበ ሰው ይሠራል ስንል ሁልጊዜ የምናስበው ሠራተኛውን ነው። አንቺም ራስሽን ነው ያሰብሽው። ነገር ግን የሚያቀርበውም ሰው ብዙ ጊዜ ያልታሰበ ነው። ኤልያስን የመገበው ቁራ በሙሴ ሕግ ርኩስ ከተባሉት ወፎች አንዱ ነው። መበለቲቱ የሲዶና አገር ሰው ነበረች፤ ኤልያስን ልትገድል የምትፈልገው የኤልዛቤል አገር ማለት ነው። አይሁድን ከምርኮ የመለሳቸው፣ የቤተ መቅደሱንም ዕቃ ቆጥሮ የሰጣቸው ቂሮስ ነው። ስለ እሱ በኢሳይያስ መጽሐፍ ሳታውቀኝ ጠራሁህ ተብሎ ተጽፏል። ኢየሱስና ደቀ መዛሙርቱ ሲዘዋወሩ በገንዘባቸው ካገለገሏቸው ሴቶች አንዷ ዮሐና ናት፤ ባሏ ኩዛ የሄሮድስ አዛዥ ነበር። እንግዲህ የቤቷ ገቢ ከየት እንደሚመጣ አስቢ! መጥምቁ ዮሐንስን ካስገደለው ሰው ቤት ነው። ኢየሱስ ግን አልመለሳትም።

አንድ ሰው እናቱ ስትታመም ያየውን ደግነት ሳይረሳ በየወሩ ሳሙና ተሸክሞ ይመጣል። ይህ ሰው ለምን ይመለስ? «የእሱን እጅ አትቀበዪ» የሚሉሽ ሰዎች ራሳቸው ምን አመጡ ብዬ ልጠይቅ አሰብኩና ተውኩት፤ አንቺም አትጠይቂያቸው። ነገር ያከርራል።

ሁለት ነገር ግን አጣሪ። ስጦታው ውለታ የሚጠይቅ እንዳይሆን። አንቺን በግል ሊያገኝሽ ብሎ የሚያደርገው ከሆነ ቶሎ ታውቂዋለሽ፤ ዕቃውን ያኔ ከእናንተ ሌላዋ ትቀበለው። ሌላው፣ ጠጥቶ ከመጣ ወደ ሕመምተኞቹ ክፍል አይግባ። በሩ ላይ ተቀብለሽ አመስግነሽ ሸኚው። እንደ ማንኛውም ሰጪ ስሙን ደብተሩ ላይ አስፍሪ፣ ያመጣውንም ቆጥረሽ ጻፊ፣ ለምን እንደዋለም ንገሪው። የትኛው ሰው እንደለበሰው ሳይሆን ስንት ሰው እንደደረሰው ብቻ። ስለ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አለመሄዱ እሱ ካነሣው አውሩ። ካላነሣው ሳሙናውን የስብከት መነሻ አታድርጊበት። እንደገና ሲመጣም ተቀበዪው።